«እያየሁህ ነው» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ጅማ ላይ ለአስጎብኚዎች፣ ለሆቴል እንግዳ ተቀባዮችና ለቋንቋ መምህራን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።

እንደምን ዋላችሁ። ከመካከላችሁ ቀኑን ሙሉ «ዌልካም» ሲል የሚውል ሰው ስለማይጠፋ ከደጃፉ እንጀምር። «እንኳን ደህና መጡ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አስተውላችሁ እንደሆነ፣ አንዳንዱ በር ላይ ቃሉ ለሁለት ተከፍሎ «ዌል» ለብቻ፣ «ካም» ለብቻ ሆኗል። የጻፈው ሰው ሐሳብ ይገባናል፤ «ዌል» ደህና ነው፣ «ካም» መምጣት ነው፣ ሲገጣጠሙ «ደህና መጡ» ይሆናሉ። ስሌቱ ያምራል፤ ቃሉ ግን የተሠራው እንዲያ አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዊልኩማ» የሚባል ነበር፤ መምጣቱ ደስ የሚያሰኝ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ወጥ ቃል ነው፤ «ኤል» የምትባለዋም ፊደል አንዴ ብቻ ትገባለች። ሲነገር «ዌልካም ቱ ጅማ» ነው። «ዩ አር ዌልካም» ብሎ መጀመር ግን እንግዳውን ግር ያሰኘዋል፤ እሱ ይህን የሚያውቀው የ«አመሰግናለሁ» መልስ አድርጎ ነውና። ገና ሳያመሰግናችሁ «ምንም አይደል» አላችሁት ማለት ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማየትና ስለ መጎብኘት ቃላት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣናቸው እንግሊዝኛው ራሱ ከአንድ ግንድ ስላበቀላቸው ነው። «ቪዚት» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው። በላቲን «ቪዴሬ» ማየት ነው፤ ከእሱ «ቪዜሬ» ወጣ፣ ሄዶ ማየት፤ ከእሱ ደግሞ «ቪዚታሬ»፣ እየተመላለሱ ማየት። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሳይጠራ ሰው ቤት ብቅ ያለ «ኧረ እንዲያው ልያችሁ ብዬ ነው» ይላል እንጂ «ልጎበኛችሁ መጣሁ» አይልም።

ችግሩ የሚመጣው አማርኛ «አየ» በሚለው አንድ ግሥ ላይ የሚጭነውን እንግሊዝኛ ለሦስት ስለሚያካፍለው ነው። «እያየሁህ ነው» የምትለዋን ውሰዱ። ዛፍ ላይ የወጣ ልጅ «ታየኛለህ?» ብሎ ሲጮህ ከሥር ያለው «እያየሁህ ነው» ይለዋል። ፎቶ ልታሳየው የጠራችው ልጅ «እየው እንጂ» ስትለው «እያየሁ ነው» ይላታል። ዘበኛ በር ላይ የሚያንዣብበውን ሰው «እያየሁህ ነው!» ይለዋል። የመጀመሪያው «አይ ካን ሲ ዩ» ነው። ሁለተኛው «አይ አም ሉኪንግ»። ሦስተኛው «አይ አም ዋቺንግ ዩ» ነው፤ ማስፈራሪያ አለበት። ይህንኑ ሦስተኛውን ለአንዲት እንግዳ በደግነት «አይዞሽ፣ አለሁልሽ» ለማለት ብትጠቀሙበት ቦርሳዋን አጥብቃ ትይዛለች እንጂ አትረጋጋም።

ሦስቱን የምንለይበት መፈተሻ ከአማርኛው ውስጥ ይገኛል። ዓረፍተ ነገሩን ወደ «ይታየኛል» ስትለውጡት ትርጉሙ ካልተበላሸ ቃሉ «ሲ» ነው። ዓይን አልለፋም፤ ነገሩ ራሱ መጣለት። «ተመልከት» ብትሉት ከሄደ «ሉክ አት» ነው፤ እዚህ ዓይን ሆነ ብሎ ወደ ነገሩ ዞሯል። «ተከታተል» ወይም «ጠብቅ» ከሄደ «ዋች» ነው፤ ዓይን ዞሮ እዚያው ቆይቷል፤ የሚታየውም ነገር ይንቀሳቀሳል ወይም ሊንቀሳቀስ ይችላል። «ሰማ»ና «አዳመጠ» ላይ ማንም አይሳሳትም። «ይሰማኛል» እና «እያዳመጥኩ ነው» የተለያዩ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። «ሲ» ከ«ሉክ» የሚለየው ልክ በዚያው መጠን ነው።

ሥራ ላይ እንየው። ጫካ ውስጥ እንግዶች ይዛችሁ ጉሬዛ ብቅ አለ እንበል። መጀመሪያ የምትሉት «ሉክ! አፕ ዜር» ነው፤ ዓይናቸውን ወደ ላይ ላካችሁት። ቀጥሎ «ካን ዩ ሲ ኢት?»፤ ታያችሁ ወይ ነው። አይተውት ከሆነ ደግሞ «ሌትስ ዋች ኢት ፎር ኤ ሚኒት»፤ ቆም ብለን ምን እንደሚያደርግ እንከታተለው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስቱም ተራቸውን ጠብቀው ገቡ። እዚህ ላይ አማርኛ የሚጎትተን ወደ «አር ዩ ሲይንግ ኢት?» ነው። «እያያችሁ ነው?» ስለምንል። እንግሊዝኛ ግን «ሲ»ን በዚህ ትርጉሙ በሂደት መልክ አያስኬደውም፤ አሁን በዚህች ቅጽበት ለሚታይ ነገር «ካን ሲ» ይላል። «ሲይንግ» ሲባል ትርጉሙ ዘወር ይላል። «አይ አም ሲይንግ ኤ ዶክተር» ሕክምና እየተከታተልኩ ነው፤ «አይ አም ሲይንግ ዘ ማናጀር አት ስሪ» ለ9 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ ነው። ሰዓቱን ጥላችሁ «አይ አም ሲይንግ ዘ ማናጀር» ብቻ ካላችሁ ግን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ፍቅር ጀምራችኋል ተብሎም ሊተረጎም ይችላል።

ቴሌቪዥን «ዋች» ነው፤ «ሲ» አይሆንም። «አይ ሶው ኤ ቲቪ» ያለ ሰው ዕቃውን፣ ሣጥኑን አየሁ ማለቱ ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ ለታየ ፊልም ሁለቱም ይሆናሉ፤ ቤት ውስጥ ለታየ «ዋች» ይመረጣል። ሙዚየም ውስጥ ያለ ዙፋን ስለማይንቀሳቀስ «ዋች» አይባልም፤ «ሉክ አት» ነው። ቦዬ ረግረግ ላይ ያሉ ወፎች ግን ይበርራሉ፣ ይጠልቃሉ፤ ሥራውም ስሙ «በርድ ዋቺንግ» ነው።

የሚታየው ነገር ስም ከተከተለው «ሉክ» ያለ «አት» ወዴትም አይሄድም። «ሉክ ዘ ፓላስ» ስሕተት ነው። «አት» ሲወድቅ «ሉክ» ሌላ ሥራ ይይዛል፤ «መስሎ መታየት»። «ዩ ሉክ ታየርድ» ማለት ደክሞህ ትመስላለህ ነው። ከኋላው የምትከተለው ትንሿ ቃል ስትለወጥ ደግሞ ትርጉሙ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ሉክ ኢንቱ» ማጣራት፣ «ሉክ አፕ» ከመዝገበ ቃላት ማውጣት፣ «ሉክ ዳውን ኦን» መናቅ። ለእንግዳ ኢሜይል የምትጽፉ ደግሞ መዝጊያዋን በትክክል ያዟት፦ «ዊ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲይንግ ዩ»። ብዙ ሰው «ቱ ሲ ዩ» ብሎ ይጽፋታል። «ቱ» እዚህ ላይ እንደ አማርኛው «ወደ» መስተዋድድ ናት፤ ከኋላዋ ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ቃል ትፈልጋለች። መፈተሻው ቀላል ነው። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ቪዚት» ይባላል አይደል? «ቪዚት» ስም ነው፤ በእሱ ቦታ የምትተካውም እንደ ስም መሆን አለባት።

አንዷ ግን የደህንነት ጉዳይ ናት። «ሉክ አውት!» ማለት ተጠንቀቅ ነው፤ «ወደ ውጭ ተመልከት» አይደለም። በመስኮት ውጭውን ለማሳየት ስትፈልጉ «ሉክ አውትሳይድ» ወይም «ሉክ አውት ኦቭ ዘ ዊንዶው» በሉ። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የመሰለ የእንጨት ደረጃና በረንዳ ያለው ቤት የምታስጎበኙ ከሆነ ደግሞ «ዋች ዩር ስቴፕ» እና «ዋች ዩር ሄድ» ከአፋችሁ አይጥፉ። እግርዎን፣ ራስዎን ይጠብቁ ነው። እዚህ ላይ «ሉክ አት ዩር ሄድ» ያለ አስጎብኚ ሰውየውን የማይቻል ነገር አዘዘው።

ለመሆኑ «ዋች» ጥበቃም፣ የእጅ ሰዓትም፣ ማየትም የሆነው በምን ምክንያት ነው? ቃሉ «ዌክ» ከሚለው ጋር ወንድም ነው፤ ነቅቶ ማደር። ነቅቶ ያደረ ሰው ዘብ ነው። የዘብ ተራ በሰዓት ይቆጠራል፤ ሰዓት የሚቆጥረውም ዕቃ ስሙን ወረሰ። «ዋችማን» የምንለው ዘበኛ በሙሉ ስሙ የሚነቃ ሰው ነው፤ የሚተኛውን እናንተው ፈልጉለት።

ማየትን በልኩ የሚከፍሉ ትናንሽ ግሦች ላይ አማርኛ አይታማም፤ ምናልባትም እንግሊዝኛን ይበልጠዋል። ዓይኑን ጣል አደረገ ስንል «ግላንስ» ነው። በጨረፍታ አየሁት ስንል «ግሊምፕስ»። እነዚህን ሁለቱን መምህራኑም ጭምር ሲያምታቱ ይታያል። «ግላንስ» ያይ የነበረው ሰው ድርጊት ነው፤ «ግሊምፕስ» ያ ሰው ያገኘው ቁራጭ ምስል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው «ቴክ ኤ ግላንስ አት»፣ ሁለተኛው «ካች ኤ ግሊምፕስ ኦቭ» እየተባሉ ይሄዳሉ። አፈጠጠ «ስቴር» ነው፤ ነውር አለበት። ዓይኑን ተክሎ በአድናቆት ቀረ «ጌዝ» ነው። አጮለቀ «ፒፕ»፣ በቁጣ አፍጥጦ ገላመጠ «ግሌር»። «ታዘበ» የሚለው ግን በእንግሊዝኛ አንድ ቃል አይበቃውም። የምርጫ ታዛቢ «ኦብዘርቨር» ይባላል፤ ነገር ግን «ታዘብኩህ» ውስጥ ያለውን ቅሬታ «ኦብዘርቭ» አይሸከመውም። «አይ ኦብዘርቭድ ዩ» ብትሉት ሰውየው ስንት ሰዓት እንደገባ መዝግባችሁ እንደሆነ ያስባል።

ወደ «ሳይት» እንምጣ፤ ይህችኛዋ ጊዜ ትፈልጋለች። በጆሮ አንድ የሆኑ፣ በጽሑፍ የሚለያዩ ሦስት ቃላት አሉ። አንዱ እይታ ወይም የሚታይ ነገር ነው፤ ፊደሎቹ ኤስ፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ። ሁለተኛው ቦታ ነው፤ ኤስ፣ አይ፣ ቲ፣ ኢ። ሦስተኛው መጥቀስ ነው፣ ጥናት ውስጥ ምንጭ ሲጠቀስ፤ ሲ፣ አይ፣ ቲ፣ ኢ። ሁለተኛውን አማርኛችን ቀድሞ ወስዶታል። መሐንዲሱ «ሳይት ወጥቷል» ይባላል፣ ግንበኛው «ሳይት ላይ ነኝ» ይላል፣ «ዌብሳይት»ም ያው ነው። የሰለጠነው ጆሯችን ቦታውን «ሳይት» ስለለመደ፣ ብሮሹር ሲጻፍ «ሳይትሲይንግ» የሚለውም በቦታው ፊደል ይጻፋል። ስሕተት ነው። ሰው የሚሄደው የሚታየውን ለማየት ስለሆነ በመጀመሪያው ፊደል ነው የሚጻፈው።

ማስታወሻ ካስፈለጋችሁ ይችን ያዙ። በመጀመሪያው ቃል ውስጥ ዝም ብለው የተቀመጡት ጂ እና ኤች ዱሮ ድምፅ ነበራቸው፤ የእኛን «ኽ» የሚመስል። ያን ጊዜ ቃሉ «ሲኽት» ዓይነት ድምፅ ነበረው። ድምፁ ሲጠፋ ፊደሎቹ ቀሩ። ብርሃን የሚለው «ላይት»፣ ሌሊት የሚለው «ናይት»፣ ደማቅ የሚለው «ብራይት» ሁሉም ያንኑ «ኽ» ተሸክመው ነው የሚጻፉት። ብርሃን፣ ሌሊት፣ ድምቀት፣ እይታ፤ አራቱም የዓይን ጉዳይ ናቸው። ቦታው የዓይን ጉዳይ ስላልሆነ «ኽ» የለውም። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ በ«ሄሪቴጅ ሳይት» ውስጥ ያለው «ሳይት» ይኸው የቦታው ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም «ሂስቶሪካል ሳይት» ሲባል በቦታው ፊደል ይጻፋል፤ «ዋን ኦቭ ዘ ሳይትስ ኦቭ ጅማ» ብላችሁ ከሚታዩት አንዱ ለማለት ስትፈልጉ ደግሞ በእይታው ፊደል። አንዱ ሕንፃ ሁለቱንም ነው።

ከመካከላችሁ ቡና ላኪ ቤት የሚሠራ ካለ ሌላም «ሳይት» ያውቃል። ባንክ ኤልሲ፣ ማለትም ለሻጩ ክፍያውን የሚያረጋግጥ ሰነድ፣ ሲከፍት «አት ሳይት» የሚል ከተጻፈበት ክፍያው የሚፈጸመው ሰነዱ ለባንኩ ቀርቦ ሲታይና ትክክል ሆኖ ሲገኝ ነው። «90 ዴይስ አፍተር ሳይት» ካለ ደግሞ ቆጠራው የሚጀምረው ሰነዱ ከታየበት ቀን ነው፤ ዕቃው ከተጫነበት ቀን አይደለም። ይህ ዓይን እንጂ ቦታ አይደለም። ሰነዱ ላይ በቦታው ፊደል ቢጻፍ ባንኩ ልዩነት ብሎ ሊይዘው ይችላልና ፊደሏን ማየት ነው።

አሁን ወደ ጥየቃ። አማርኛ ለ«ቪዚት» ሁለት መንገድ አለው። ቦታ ይጎበኛል፣ ሰው ይጠየቃል። የታመመ ይጠየቃል፣ አራስ ትጠየቃለች፣ እስረኛ ይጠየቃል፣ ዘመድ ይጠየቃል። እንግሊዝኛ ሁሉንም «ቪዚት» ይላል። ሐኪም ቤት በር ላይ «የመጠየቂያ ሰዓት» የሚለው «ቪዚቲንግ አወርስ» ነው፤ ጠያቂው «ቪዚተር» ነው። «አይ አም ጎይንግ ቱ አስክ ማይ ሲክ አንክል» የሚል ሰው አጎቱን ጥያቄ ሊጠይቀው እንደሚሄድ ነው የሚሰማው፤ አልጋ ላይ ያለ ሰው ደግሞ መጠየቅ እንጂ ጥያቄ አይወድም። ለቅሶ መድረስ ብቻውን የሚሸከመው ቃል የለም። «ፔይ ኤ ኮንዶለንስ ቪዚት» ይቀርበዋል፤ ግን ድንኳኑን፣ ቁጭ ማለቱን፣ «እግዜር ያጥናችሁ»ን አይዝም። ለእንግዳ ማስረዳት ካስፈለገ አንድ ቃል ከመፈለግ ሁለት ዓረፍተ ነገር መጠቀም ይሻላል።

ሰዋስዉ ላይ አንድ ነገር ብቻ። «ቪዚት» ግሥ ሲሆን «ቱ» አይከተለውም፤ «አይ ቪዚትድ ጅማ»። ስም ሲሆን ይከተለዋል፤ «ማይ ፈርስት ቪዚት ቱ ጅማ»። «ወደ ጅማ» የምትለዋ «ወደ» ናት እጃችንን የምትጎትተው፤ አማርኛው ራሱ ግን «ጅማን ጎበኘሁ» ይላል እንጂ «ወደ ጅማ ጎበኘሁ» አይልም። አሜሪካዊ «ቪዚት ዊዝ» ካለ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጫወት፣ ወግ ማውጋት ነው። እንግዳ መቀበያ ላይ ለምትቀመጡ፦ አንዱ እንግዳ ጓደኛውን ፈልጎ ቢመጣ «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ጅሬን» ማለት ሄዷል፣ ገና አልተመለሰም ነው። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ጅሬን» ማለት ሄዶ መጥቷል። ሁለተኛውን ካላችሁት ክፍሉን ሊያንኳኳ ፎቅ ይወጣል።

ባለሥልጣን «ጎበኙ» ሲባልም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዜናው ላይ ሁሉም «ጎበኙ» ነው። ሄደው አይተው ብቻ ከሆነ «ቪዚትድ»፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ ከሆነ «ቱርድ»፣ ጉድለት እየፈለጉ ከሆነ «ኢንስፔክትድ» ነው። እርሻውን «ኢንስፔክት» አደረጉ ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ሰዎቹ ለቁጥጥር እንደሄዱ ነው የነገረን።

«እንግዳ» የሚለው ቃላችን ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው ነው። የተጋበዘው እንግዳ ነው፤ የማይታወቀው ሰው እንግዳ ነው፤ ያልተለመደ ነገርም «እንግዳ ነገር» ነው። እንግሊዝኛ ሦስቱን «ጌስት»፣ «ስትሬንጀር»፣ «ስትሬንጅ» ብሎ ለያቸው። ስለዚህ «ዊ ሃቭ ስትሬንጀርስ ቱናይት» የሚል ሰው ዛሬ ማታ የማናውቃቸው ሰዎች ቤት ገብተዋል ማለቱ ነው፤ ሰሚው ፖሊስ ልጥራ ሊል ይችላል። ሥሩን ስንቆፍር ግን እነሱም እንደ እኛ ነበሩ። «ጌስት» እና ባለቤቱ «ሆስት» በጥንት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ላቲኑ «ሆስቲስ»ም፣ መጀመሪያ ባዕድ ማለት የነበረው፣ ኋላ ጠላት ማለት ሆነ፤ የዛሬው «ሆስታይል» ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያው ወገን ከሆነው «ሆስፔስ» ከሚለው ደግሞ «ሆስፒታል»ና «ሆቴል» ተወለዱ። ሁለቱም ዱሮ መንገደኛ የሚያርፍባቸው ቤቶች ነበሩ፤ አንደኛው ለበሽተኛው ቀረ፣ ሁለተኛው ለከፋዩ።

መዝገብ የምትሞሉ «ቪዚተር»ንና «ቱሪስት»ን አታምታቱ። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም አኃዝ አያያዝ እንደሚለው፣ «ቪዚተር» ከተለመደ መኖሪያው ወጥቶ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ የሚጓዝ፣ በሄደበትም ለመቀጠር ያልሄደ ሰው ነው። ከእነዚህ መካከል ቢያንስ አንድ ሌሊት ያደረው «ቱሪስት» ይባላል። ጠዋት ከአዲስ አበባ በርሮ መጥቶ ማታ የተመለሰ «ቪዚተር» እንጂ «ቱሪስት» አይደለም። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ሁለት ቀን ያደረ ሰው ግን፣ ካሜራም ባይዝ፣ «ቱሪስት» ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ መዝገብ የሚዛባው፤ ፈረንጅ ብቻ ተቆጥሮ የአገር ሰው ይዘለላል። «ጌስት» ደግሞ ሌላ ነው፤ የእናንተ ቤት ያደረ፣ እናንተ የምታስተናግዱት።

ብሮሹር የምትጽፉ «ሲነሪ»ን በብዙ ቁጥር አትጻፉ። እንደ ውኃና እንደ ስኳር ነው፣ አይቆጠርም። «ቪው» ግን ይቆጠራል፤ ከአንድ ቦታ ቆመው የሚያዩት ነውና እያንዳንዱ መቆሚያ የራሱ «ቪው» አለው። ዩቲዩብ ላይ «ስንት ቪው አገኘ?» የሚሉት ልጆች ሰዋስዉን በትክክል ይዘውታል። «ቪውፖይንት» ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ ቆሞ መመልከቻ ቦታ፣ እንዲሁም አቋም።

«ኦቨርሉክ» የምትባለዋን ስትጽፉ ቆም በሉ። «ዘ ፓላስ ኦቨርሉክስ ዘ ታውን» ማለት ቤተ መንግሥቱ ከተማውን ቁልቁል ያያል ነው፤ እውነትም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያዩ ነበር። «ዘ ጋይድ ኦቨርሉክድ ዘ ሙዚየም» ግን አስጎብኚው ሙዚየሙን ሳያስተውል ዘለለው ነው። ከላይ የሚያይ ከእግሩ ሥር ያለው ያመልጠዋል። ባሕርዩ ይሄው ከሆነ፣ ልጇ «ኦቨርሳይት» የባሰች ናት፤ ቁጥጥርም ናት፣ ሳይታይ ያለፈ ስሕተትም ናት። «አንደር ሂዝ ኦቨርሳይት» በእሱ ተቆጣጣሪነት፣ «ዱ ቱ አን ኦቨርሳይት» በቸልታ ምክንያት። ውል ላይ ከሆነ «ሱፐርቪዥን» መጻፍ ይሻላል፤ «ሱፐር» በላይ፣ «ቪዥን» ማየት፣ ያው ከላይ ማየት ነው፤ ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው።

«ቪዥን» ራሱ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከ«ተልዕኮ» ጎን ራዕይ ሆኖ ተሰቅሏል። ዓይን ሐኪም ዘንድ ግን የማየት አቅም ነው። ካርድ ላይ 6/6 ከተጻፈ ጤነኛ ዓይን ከ6 ሜትር የሚለየውን ፊደል እናንተም ከ6 ሜትር ለያችሁ። 6/60 ከሆነ ሌላው ከ60 ሜትር የሚለየውን እናንተ ለማየት 6 ሜትር መቅረብ አስፈለጋችሁ። አሜሪካኖች 20/20 የሚሉት ያንኑ በጫማ ለክተው ነው፤ 20 ጫማ 6 ሜትር ገደማ ነውና። የፊደል ሰሌዳውን ሆላንዳዊው ሐኪም ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ያወጣው ነው። «ቪዥንስ» በብዙ ቁጥር «ሂ ሃድ ቪዥንስ» ሲባል ደግሞ የሌለ ነገር ታየው ነው፤ የሥራ ማመልከቻ ላይ አትጻፉት።

የ«ቪዴሬ» ዘር ብዙ ነው። «ቪዛ» «ካርታ ቪዛ» ከሚለው የተቆረጠ ነው፤ የታየ ወረቀት። «ኢንተርቪው» እርስ በርስ መተያየት ነው፤ ጠያቂውም ይታያል ማለት ነው። «ሪቫይዝ» እንደገና ማየት፣ «ሰርቬይ» ከላይ ማየት፤ መሬት የሚለካው ሰርቬየር ሥራው ማየት ነው። «ኤንቪ» የሚለው ቅናት ደግሞ «ኢንቪዴሬ» ከሚለው የመጣ ነው፤ በክፉ ዓይን ማየት። የሰው ዓይን የሚፈራ እናት እዚህ ብቻ አይደለችም። «ጋይድ»ም በሩቅ የዚሁ ሥር ዘመድ ነው፤ በጀርመን ቋንቋዎች በኩል ዞሮ የመጣ። ዕውቀት የሚለው «ዊት»፣ ምስክር የሚለው «ዊትነስ»፣ ብልህ የሚለው «ዋይዝ» ከዚያው ናቸው፤ ያየ ያውቃል ከሚል። «ሾው» ግን ያስቃል። ዱሮ ትርጉሙ ማየት ነበር፤ ኋላ ማሳየት ሆነ። እኛ «አየ» ላይ «አስ» ጨምረን «አሳየ» ስንል፣ እንግሊዝኛ ያንኑ ቃል ገልብጦ ተጠቀመበት።

«ቱር» ከማየት ወገን አይደለም፤ ከመዞር ነው። ሥሩ ግሪኩ «ቶርኖስ» ነው፤ መዞሪያ መሣሪያ። ከላቲን አልፎ ፈረንሳይ ገባ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። በሌላ በኩል ጣሊያን ይዞት ሄደ፣ ከጣሊያን ለእኛ ደረሰ። እናም ጅማ ውስጥ የአልጋና የወንበር እግር የሚዞርበት «ቶርኖ» እና እናንተ የምትመሩት «ቱር» የአንድ ሰው ልጆች ናቸው። ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ግን ከአንድ ግንድ በእጅ ተጠርቦ የሚወጣ ስለሆነ ቶርኖ አያውቀውም፤ ይህን ለእንግዳ ስትነግሩ «ካርቭድ» በሉ፣ «ተርንድ» አትበሉ። «ተርንድ» በቶርኖ የወጣ ነው፤ ሻጩንም ያስከፋል።

ሽኝት ቀረን። እንግዳ መሸኘት «ሲ ኦፍ» ነው። «ሴንድ ኦፍ» ዳኛ ቀይ ካርድ አውጥቶ ተጫዋች ሲያባርር የሚሠራው ነው፤ እንግዶቻችሁን «ሴንት ኦፍ» አደረግን ካላችሁ ከሜዳ አስወጣችኋቸው። «ሲ ኦፍ» በኃላፊ ጊዜ «ሶው ኦፍ» ይሆናል፤ «ሶው» ደግሞ መጋዝ ነው፣ «ሶው ኦፍ»ም በመጋዝ ቆርጦ መጣል። ስለዚህ ሪፖርት ላይ ስታሰፍሩ ሰዎቹንና ቦታውን በመካከል አስገቡ፦ «ዊ ሶው ዘ ጌስትስ ኦፍ አት ዘ ኤርፖርት»።